የአባ ይማም አንድ ባልዲ ውሃ

ቁጭ በሉና ልንገራችሁ። ንገሪን በሉኝ እንጂ፣ ብቻዬን ሳወራ ይደክመኛል። ነገሩ ረጅም አይደለም፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንጠለጠለ ነው የሚያረዝመው። መሃል ላይ ቢጠፋባችሁ አትጨነቁ፣ እኔው ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ። ስደጋግመው ደግሞ አትሰልቹ፣ ዘሀራ ከእናንተ ይበልጥ ሰልችቷት ነበር።

ዘሀራ ይማም ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ። አንድ ዓርብ ጠዋት ከሥራ ወጥታ፣ ዓይኗን እያሻሸች፣ በየፎቁ እየቆመች ደረጃውን ጨርሳ በሩን ብትከፍተው አባቷ አባ ይማም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። ወይ ጉድ! ክረምቱን በሙሉ ታመው ከዚያ አልጋ ቀና ብለው የማያውቁ ሰው!

«ዘሀራ፣ ልጄ» አሏት። «ዛሬ ደህና ነኝ። አንድ ባልዲ ውሃ አሙቂልኝና ገላዬን ልታጠብ። ጁምዓ መሄድ አማረኝ።»

ዘሀራ የሚቀጥለው ትጥበታቸው ሰው ሞቶ የሚታጠበው ትጥበት ይሆናል ብላ ስትፈራ ነው የከረመችው። አሁን በራሳቸው አፍ ልታጠብ፣ ልውጣ፣ ልስገድ አሉ። እንቅልፏን ወዲያ ጣለችና ባልዲውን አንስታ፣ የጠፋው ውሃ ተመልሶ ይሆናል ብላ ቧንቧውን ከፈተችው። ቧንቧው ፊውውው አለና አየር ተነፈሰ።

«ምነው?» አለችው። ሰው ሲደክመው ከዕቃ ጋር ያወራል፣ አትፍረዱባት።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ቧንቧው። «ታንከሩ አልሰጠኝም።»

ጣሪያው ላይ ወጣች። ታንከሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ባዶ ቤት የሚያንኳኳ ሰው ድምፅ መለሰላት። «እኔ ምን ላድርግ?» አለ ታንከሩ። «ፓምፑ አልገፋልኝም።» ይሁን ብላ ያን ሁሉ ደረጃ ወርዳ ምድር ቤት ገባች። ቧንቧው አላፈስም አለ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለ፤ አባ ይማም አልጋው ጫፍ ላይ ይጠብቃሉ።

ፓምፑ ጥጉን ይዞ ዝም ብሏል። «እኔ ምን ላድርግ?» አለ። «ቦርዱ አላዘዘኝም። እኔ ካልታዘዝኩ አልነሳም፣ የመንግሥት ሠራተኛ በይኝ ከፈለግሽ።»

ቦርዱ ከፓምፑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። በሳጥኑ መስታወት ሲያዩት አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ባለ ብዙ እግር ጥቁር አይሲ፣ የቦርዱ አንጎል፣ ተጋድሟል። ፓምፑን ተነስ የሚለው፣ ተኛ የሚለው እሱ ነው።

«ለምን አታዝም?» አለችው ዘሀራ።

«እኔ የምሰማው በሁለት እግሬ ነው» አለ አይሲው። «አንደኛው፣ የላይኛው ታንከር ጎድሏል ወይ? ሁለተኛው፣ የታችኛው ጉድጓድ ውሃ አለው ወይ? ሁለቱም አዎ ካሉኝ አዛለሁ። አንዱ ብቻ አዎ ቢለኝ አላዝም፣ ተፈጥሮዬ ነው። አሁን አንደኛው እግሬ አዎ ይላል። ሁለተኛው ግን አዎም አይል፣ አይም አይል፣ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጥብኛል። በሚንቀጠቀጥ ወሬ ፓምፕ አላስነሳም።»

ከጉድጓዱ ለምን በገመድ አልቀዳችም ትሉኝ ይሆናል። ክዳኑን ሕፃን እንዳይገባበት ብለው በብረት በይደውታል። ከሱቅ ለምን አልገዛችም? የታሸገው ውሃ ገና ትናንት አልቋል፤ የተጠማው የሕንፃው ሰው ተሻምቶ ጨርሶታል። ከጎረቤት ለምን አትለምንም? ጎረቤትስ ከየት አምጥቶ! አሁን አታቋርጡኝ። ቧንቧው አላፈስም አለ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ አልገፋም አለ፣ ቦርዱ አላዝም አለ፤ አባ ይማም አልጋው ጫፍ ላይ ይጠብቃሉ።

ቦርዱን የሠሩት መምህር እንድሪስ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሳጥኑን ቁልፍ ኪሳቸው የሚይዙ ሰው። ዘሀራ ያንኑ ደረጃ እንደገና ወጣችው። በራቸውን አንኳኳች።

«መምህር፣ ዘሀራ ነኝ። በአላህ ይክፈቱልኝ። አባቴ ሊታጠቡ ፈልገው ቧንቧው አላፈስም አለኝ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለኝ፣ ፓምፑ አልገፋም አለኝ፣ ቦርዱ አላዝም አለኝ።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ ከውስጥ። ድምፃቸው የተኛ ሰው ድምፅ ነው። «ግን አልወጣም። በስሜ አካውንት የከፈተ አለ። ምድር ፎቅ ያሉት እትዬ አስካለች የሟች ባላቸውን ፎቶ ማኅበራዊ መረቡ ላይ ቢለጥፉ፣ ያ ሰው በእኔ ስምና በእኔ ፎቶ ‹ይህስ ሞቶ ሰፈሩን ገላገለ› ብሎ ጻፈበት። ሰፈሩ ሁሉ እኔ መስሎታል። ደረጃ ላይ ሳልፍ ፊቱን ያዞርብኛል። ይቅርታ እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ብዬ ስንቴ ጻፍኩላቸው፤ አንድ ቃል አልመለሱልኝም። ስልኬንም አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከከተትኩት ሰነበተ። ያ አካውንት ካልተዘጋ አልወጣም፣ ቦርዱንም አልነካም።»

«የሚዘጋው ማነው?»

«ፈትያ ናታ።»

ዘሀራ አንድ ፎቅ ወረደች። ፈትያ የመምህር የእህታቸው ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ሰፈርተኛው የሚገባበት ማኅበራዊ መረብ እንደ ሌሎቹ አንድ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ቤት፣ ቤቱም የራሱ ጠባቂ አለው፤ ቤቶቹ ደግሞ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የኮንዶሚኒየሙ ቤት ፈትያ የስፌት መኪናዋ ሥር ያኖረችው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እግሯን አንዳንዴ ታሳርፍበታለች። ጠባቂዋ እሷ ናት።

«ፈትያዬ» አለች ዘሀራ በሩን ተደግፋ፣ «አባቴ ሊታጠቡ ነው፤ ቧንቧው አላፈስም አለ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ አልገፋም አለ፣ ቦርዱ አላዝም አለ፣ አጎትሽ አልወጣም አሉ። ያንን አካውንት ዝጊልኝ።»

ፈትያ አፏ ውስጥ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ ባንድ አወጣች። «ሐሰተኛ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ስሙ ያው ነው፣ ፎቶውም ያው። ከስሙ ኋላ የሚጻፈው ቤት ግን የእኛ አይደለም፣ ሌላ ነው። ማንም ሰው ሌላ ቤት ገብቶ በፈለገው ስም ይመዘገባል፣ በአጎቴም ስም፣ በአንቺም ስም።»

«ታዲያ ዝጊዋ!»

«እንዴት ልዝጋ? አጎቴ ናቸው። በራሴ ብዘጋው የዘመዷን ገበና ሸፈነች ይሉኛል። ደግሞ ደንባችን፣ የተሰደበው ሰው ራሱ በእጁ ሪፖርት ያድርግ ይላል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ የማፈርሰውም እኔ ልሁን? እትዬ አስካለች ሪፖርት ካላደረጉ አልዘጋም።»

«አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ! የአጎትሽን ወግ እዚያው ብለው በሩን ጠረቀሙብኝ።»

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፣ እኔ ደክሞኛል። ቧንቧው አላፈስም አለ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ አልገፋም አለ፣ ቦርዱ አላዝም አለ፣ መምህር አልወጣም አሉ፣ ፈትያ አልዘጋም አለች፤ አባ ይማም አልጋው ጫፍ ላይ ይጠብቃሉ። ዘሀራም ወደ ምድር ፎቅ ወረደች።

እትዬ አስካለች ጥቁራቸውን አላወለቁም። በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ምስር ይለቅማሉ። ዘሀራ ታሪኩን ከቧንቧው ጀምራ እስከ ፈትያ አወረደችላቸው። ሰምተው ሰምተው ምስሩን አስቀመጡት።

«ሪፖርት አላደርግም» አሉ። «ለኮምፒውተር የምነግረው የለኝም! ሐዘኔ ላይ ድንኳኑን በእጁ የተከለልኝ ሰው፣ አልቃሽ ሲመጣ ወንበር ሲያቀርብ የዋለ ሰው፣ ያንኑ ሟቼን ይስደበው? ራሱ መጥቶ፣ እዚህ ደጄ ላይ ቆሞ ይቅርታ ይበለኝ። ያን ዕለት ምድር ቤት ወርጄ፣ ያንን ሳጥኑን ከፍቶ ሲጎረጉር አግኝቼው፣ ያፌን ሁሉ ነግሬዋለሁ። አንድ ቃል አልመለሰም። ጥሎኝ ሄደ! ከዚያ ስሙን ፈልጌ ብሎክ አደረግሁት። ብሎክ ባደርገውስ? ሰይጣን ነው መሰለኝ አሁንም ይመጣብኛል።»

«እትዬ፣ እሳቸው እኮ አይደሉም።»

«የእህቱ ልጅ ልካሽ ነው?»

ቧንቧው አላፈስም አለ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ አልገፋም አለ፣ ቦርዱ አላዝም አለ፣ መምህር አልወጣም አሉ፣ ፈትያ አልዘጋም አለች፣ እትዬ አስካለች ሪፖርት አላደርግም አሉ። ከእሳቸው በታች የሚጠየቅ ሰው የለም። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ባዶ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ወደ ቤቷ ወጣች።

አባ ይማም አሁንም ጫፉ ላይ ናቸው፣ ነገር ግን አንድ እጃቸውን ትራሱ ላይ ተክለው ነው።

«መጣ?»

«አልመጣም፣ አባባ። ቧንቧው…» ብላ ጀመረች። ታንከሩ ጋ ስትደርስ ባዶ ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው።

አባ ይማም አዩዋት። ሌሊቱን ሙሉ የቆመውን እግሯን፣ ያበጠውን ዓይኗን አዩ። «ተይው በቃ» አሉ። «ተኚ። ጁምዓ ሳምንትም አለ።» ይህን ብለው እግራቸውን ቀስ አድርገው ወደ አልጋው መለሱት።

ይህ ንግግራቸው ነው የገደላት። ሳምንት ይኑራቸው አይኑራቸው ማን ያውቃል? አሁን ከተኙ መቼ ይነሳሉ? «አይተኙ!» አለች እየጮኸች። አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። «አይተኙብኝ፣ አባባ። ትንሽ ይታገሱ። መጣሁ።»

ወረደች። እትዬ አስካለች ደጅ ደረሰች። መሬቱ ላይ፣ ከበርጩማቸው ሥር ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ፤ ማበሻ እንኳ አላወጣችም።

እትዬ አስካለች ደነገጡ። «ምነው? ምን ሆንሽ? እሱን አውቄያለሁ አልኩ እኮ! ቧንቧው አላፈስም አለ፣ ታንከሩ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ አልገፋም አለ፣ ቦርዱ አላዝም አለ፣ ሰውዬው አልወጣም አለ፣ ልጅቷ አልዘጋም አለች…»

«አባቴ መልሰው ሊተኙ ነው» አለች ዘሀራ። ሌላ አልጨመረችም።

እትዬ አስካለች የሰው ትንፋሽ እየተጠበቀ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቁታል። ይህን ጊዜ ነው ስልካቸው ከጭናቸው ላይ ጪው ያለው።

«ይኸው!» አሉ አንስተው። «ይኸው፣ አሁን እንኳ ጻፈልኝ። ‹በድያለሁ፣ ይቅርታ። አሁን ስልክሽ ላይ አንድ ቁጥር ይገባል፣ እሱን ላኪልኝና የጻፍኩትን ሁሉ አጠፋዋለሁ› ይላል። ይቅርታማ አለኝ። እንግዲያው ቁጥሩን ልላክለትና…»

ዘሀራ እጃቸውን ያዘች። «የምን ቁጥር? እትዬ፣ እሱ እኮ የአካውንትዎ ቁልፍ ነው! ለማንም አይሰጥም፤ ለፈትያም፣ ለእኔም። ደግሞ መምህር ስልካቸውን አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ከከተቱት ሰንብተዋል። አሁን ማነው የሚጽፍልዎ?»

«እንድሪስ ነዋ! ይኸው ስሙ፣ ይኸው ፎቶው።»

«የማን እንድሪስ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኛ ፋብሪካ ሰይድ የሚባል ሞልቷል። ሰይድ አጠፋ ሲባል የማን ሰይድ ሳይባል ማንም አይቀጣም። መነጽርዎን ያድርጉና ከስሙ ኋላ ያለውን ያንብቡልኝ።»

እትዬ አስካለች ሰፈሩን በስም ብቻ ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንድሪስ ካሉ እንድሪስ ነው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል? መነጽራቸውን ከደረታቸው አውጥተው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ፊደል በፊደል አነበቡት። የሰፈሩ ቤት ስም አልነበረም። ሰምተውት የማያውቁት ቤት ነው። ቀጥለው ብሎክ ያደረጉትን ሰው አወጡ። እንድሪስ፣ ከኋላው የሰፈሩ ቤት።

«ዋዬ» አሉ። «ዋዬ፣ ዋዬ! እውነተኛውን አግጄ ሌባውን ስሰማ ከረምኩ!»

ከዚህ በኋላስ ማን ያቆመው! እትዬ አስካለች በዚያው ጣታቸው ሪፖርት አደረጉ። ፈትያ ሪፖርቱ እንደደረሳት እግሯን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ያንን አካውንት ወደ ሰፈሩ ቤት እንዳይገባ ዘጋችው፤ ለዚያኛው ቤት ጠባቂም ሰውዎን ያዙልን ብላ ጻፈች። እትዬ አስካለች በሚያማቸው ጉልበት፣ እርዳታ እምቢ ብለው፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። በሩን አላንኳኩም፣ ግንባራቸውን ነው ያስደገፉበት።

«መምህር፣ አስካለች ነኝ። የጻፉልኝ አልደረሰኝም። አግጄዎ ነበር። ይማሩኝ።»

በሩ ተከፈተ። መምህር ጺማቸው አድጓል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። «ኧረ በአላህ ቶሎ በሉ!» አለች ዘሀራ ከደረጃው።

ምድር ቤት ወረዱ። መምህር ሳጥኑን ከፍተው ኤሌክትሪክ የሚለኩበትን ቴስተራቸውን አወጡ። አይሲውን ልቀይረው ብለው አልተጣደፉም። መጀመሪያ ኃይል ደርሶታል ወይ? ደርሶታል። የመጀመሪያው እግር? አዎ ይላል። ሁለተኛው እግር? የቴስተሩ ቁጥር ወጣ ወረደ፣ ወጣ ወረደ።

«ይህ እግር ምንም አልታሰረበትም» አሉ። «አንጠልጥለው ትተውታል። ከጉድጓዱ የመጣውን ሽቦ ማነው የነቀለው? ምን ዓይነት ሰው ነቅሎ ሳይመልስ ይሄዳል?»

እትዬ አስካለች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መምህር፣ ያን ዕለት እኔ ስጮህብዎ መበየጃውን በእጅዎ ይዘው ነበር።»

መምህር ሽቦውን አዩት፣ እጃቸውን አዩት። «እኔው ነኝ» አሉ። «ልፈትነው ብዬ ነቅዬው ነበር። ደነገጥኩና ጥዬው ሄድኩ።» ሁለቱም ሳቁ፣ የደከመው ሰው ሳቅ። ከዚያ መበየጃው ጋለ፣ ሽቦው ከእግሩ ገጠመ።

ሁለተኛው እግር አዎ አለ። ቦርዱ አዘዘ። ፓምፑ አጉረመረመና ገፋ። ታንከሩ ሞላ። ቧንቧው አስነጠሰው፣ ቀይ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ አፈሰሰ። ዘሀራ ባልዲዋን ሞላች፣ አሞቀች፣ አባቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ራሳቸውን፣ ጀርባቸውን፣ የከሱ ትከሻዎቻቸውን አጠበች። አባ ይማም ዓይናቸውን ጨፍነው «አልሐምዱ ሊላህ፣ እዚያ ጋ ድገሚልኝ» ይላሉ።

አባ ይማም ደረጃውን በወንበር ነው የወረዱት። ዘሀራ አንዱን ጎን ልትይዝ ስትል እትዬ አስካለች ገፋ አደረጓት፤ «ዞር በይ አንቺ፣ ቆመሽ ተኝተሻል!» መምህር ባንድ ወገን፣ ፈትያ ባንድ ወገን ተሸከሙ። እትዬ አስካለች የአባ ይማምን ጫማና መስገጃ ታቅፈው ከፊት ከፊት እየሄዱ «ቀስ! ቀስ በሉ! እዚህ ጋ ተሰብሯል!» እያሉ ባጃጁ ድረስ አደረሷቸው።

ሶላቱ አልቆ ሲመለሱ ዘሀራ በሩ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ጭንቅላቷን ባልዲው ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ፈትያ ልትቀሰቅሳት ጎንበስ አለች።

«ተያት» አሉ አባ ይማም።

«የሚበሉትንም የሚጠጡትንም ታቅርብልዎ እንጂ፣ አባባ። ደክሞዎታል።»

አባ ይማም በመምህር ትከሻ ተደግፈው ጋቢያቸውን ከላያቸው አወለቁና ልጃቸው ላይ ጣሉት። ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው እሷ አጠገብ ቁጭ አሉ። «ዛሬ የምፈልገው ሁሉ ሆኖልኛል» አሉ። «ልጄን ብቻ እንዳትቀሰቅሱብኝ።»

እኔም የታሪኩን ጫፍ እዚህ ላይ ለቀቅሁት። እናንተም የያዛችሁትን ጫፍ ልቀቁና ጉሮሮዬን የማርስበት ውሃ አቀብሉኝ።